ሁለት ጣት ትርፍ

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የአንድ አሮጌ ቀሚስ ኮሌታ ስተረትር ከስፌቱ ውስጥ የድሮ ሽታ ወጣ። የናፍታሊን፣ የትኩስ ካውያ፣ ትንሽም የባሕር ዛፍ። ሽታም እንደ ገንዘብ ተጠቅልሎ ተሰፍቶ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ቀሚሱ የባለቤቴ የጸዳለ ነው። የሰፋሁትም እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ። ዘጠነኛው መሆኑ ነው። አንደበቷ ከተያዘና ቀኝ እጇ ከዛለ ወዲህ በየጥቂት ቀኑ ከቁም ሳጥኑ አንድ ቀሚስ በግራ እጇ ጎትታ ታወጣና ጭኔ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ በጣቷ ኮሌታውን መታ መታ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ቀን አልገባኝም። “ላጥብበው?” ስላት ራሷን ነቅንቃ አይደለም አለች። “ቁልፍ ልቀይርለት?” አይደለም። በመጨረሻ መቀሴን ከመሳቢያው ፈልጋ አምጥታ እጄ ላይ ስታስቀምጠው ገባኝ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ ኖሬ በስተርጅና ሥራዬ የራሴን ስፌት መፍታት ሆነ።

የባሕር ዛፉ ሽታ የመጣው ሱቄ አጠና ተራ አጠገብ ስለነበረ ነው። የዛሬውን ኮልፌ የሚያይ ሰው ያንን ጊዜ ሊገምተው አይችልም። አሁን ወዲህም ወዲያም ፎቅ ነው፤ መስታወቱን ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጠፋል። ያኔ አጠናው እስከ መንገዱ ዳር ተደርድሮ ይቆማል፣ ልጣጩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በባሕር ዛፍ የታጠነ ይመስል ነበር። ከመርካቶ በውይይት ታክሲ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ ፊት ለፊት ተፋጠን፣ በሃምሳ ሳንቲም እንመጣለን። ሳይጫወት የሚወርድ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ እኔም የሰው ማጅራት ስቆጥር ጦር ኃይሎች እደርሳለሁ። መንግሥት ተቀይሮ ሰዉ አዲሱን ገና የሚለማመድበት ዘመን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ለሚያስታውስ ሰው ትቼዋለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ልብሱን ነው። ወንዱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት ያሰፋ ስለነበር ከሲታው ሳይቀር ትከሻ አወጣ። ሴቱ ከጉልበት የወረደ ጉርድና ደረቱ ላይ ሽንሽን ያለው ሸሚዝ ይወድ ነበር። ሱሪ በአሥራ ሁለት ብር እሰፋለሁ፣ ክርና ዚፕ ከራሴ። ከሱቄ ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበረ። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረው አንዱን ካሴት ቀኑን ሙሉ ስለሚያስጮኹት እግሬ ሳላስበው ፔዳሉን ከዘፈኑ ጋር ይረግጥ ነበር፤ ጭፈራ ሲሆን ስፌቴ ይጣደፋል፣ ትዝታ ሲሆን ይረጋል። ጸዳለ አጠገቤ ሱሪ እየተኮሰች “የዛሬው ሱሪ አልቅሶ ነው የተሰፋው” እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንገቷ ረጅም ነው። ሌላው ሰው ስለ ሚስቱ ዓይን ያወራል፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት አንገቷን ነው። ለሠርጋችን ማግስት የሰፋሁላት ቀሚስም ደረቱ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ነበር፤ ያንን አንገት መሸፈን ኃጢአት ይመስለኝ ነበር።

እብጠቱንም ያገኘሁት እኔው ነኝ። ለገና ቀሚስ ልለካት ሜትሩን አንገቷ ላይ ስጠመጥም በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዋ ዝቅ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያህል ነገር ጣቴን ገፋው። ለፋሲካ ሎሚ አከለ። ሆስፒታል ሄድን። አውጥተው ከመረመሩት በኋላ የቀረውን በጨረር መታከም እንዳለባት ነገሩን። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ “ያ ነገር” ከማለት በቀር በስሙ ጠርተነው አናውቅም። ልጅ አልሰጠንም፤ ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ምስጢር መያዝ አልከበደንም። ለጨረር የሚሰለፈው ሕዝብ ከአገሩ ዳርቻ ሁሉ የመጣ ነበርና ተራችን እስኪደርስ ወራት ጠበቅን። በመጀመሪያው ቀን አስተኝተው አንገቷ ላይ በሐምራዊ ቀለም አራት ማዕዘን አሰመሩ፣ መሐሉ ላይ መስቀል አደረጉ። በበሩ ክፍተት እያየሁ “ይኼማ የኔ ሥራ ነው” አልኩ በሆዴ። ጨርቅ ላይ ከማሰምረው ምንም አይለይም። ማሽኑ የሚያነጣጥረው በዚህ መስመር ስለሆነ ውሃ እንዳይነካው አስጠነቀቋት። መስመሩ ከጠፋ እንደገና ልኬት ተወስዶ፣ እንደገና ተራ ተይዞ ነው አሉን። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት፣ ፀጉሯን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁላት ተመላለስን።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እናቷ ከአገር ቤት መጡ። ስለት ነበረባቸው፤ ልጃቸውን ከአስኮ ወዲያ ካለው ጠበል ሳያስጠምቁ አገራቸው ላይመለሱ ምለው ነው የመጡት። “እማማ፣ አንገቷን ውሃ እንዳይነካው ብለውናል” ብላቸው “ጠበል ውሃ ነው እንዴ?” አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤም ከእሳቸው ጋር ነበር። በዚያ ሰሞን ፈውስ ከየትም ይምጣ፣ ብቻ ትዳንልኝ ነበር የምለው። ቅዳሜ ማለዳ ወሰድናት። ካህኑ ከራሷ ላይ ሲያፈሱባት በነጭ ነጠላዋ ላይ ሐምራዊ ውሃ ወረደ። እናቷ እልል አሉ። በሽታው ታጥቦ የወጣ መሰላቸው። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ጸዳለ በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አየችኝ፤ ሁለታችንም ምን እንደጠፋ አውቀናል።

እሑድ ከሰዓት ሱቁን ከውስጥ ቆልፈን ከትልቁ መስታወት ፊት አስቀመጥኳት። ለሆስፒታሉ እንንገር ወይስ አንንገር ብለን ብዙ አልተከራከርንም። የተራውን ርዝመት እናውቀዋለን፤ አብረውን የተመዘገቡ ሰዎች ሲጠሩ “የሉም” የሚባልበትን ድምፅም እናውቀዋለን። ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆን እርሳስ ነበረኝ፣ ሱፍ ላይ የማሰምርበት። በምላሴ አራስኩትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ያየሁትን አራት ማዕዘን ከአእምሮዬ አወጣሁት። ጨርሼ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ ሳየው፣ ከጆሮዋ ሥር ጸጉሯ አጠገብ ሳይታጠብ የቀረ የድሮው መስመር ጥግ አለ። የእኔ መስመር ከእሱ በሁለት ጣት ወጥቷል፣ ወደ ፊትም ወደ ታችም። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ትርፍ ትቶ ነበር። ልብስ ሰፊ ለስፌት ትርፍ ሳይተው መቀስ አያነሳም፤ ይህንን በአሥራ አራት ዓመቴ የተማርኩት እጄ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ማጥፋት እችል ነበር፣ እርጥብ ጨርቅ ጉልበቴ ላይ ነበረ። ግን ደግሞ “ያ ነገር” ከመስመሩ ውጭ ተርፎ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቢሰፋ ምን ይጎዳል አልኩ። ጸዳለ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ “ልክ ነው?” አለች።

“ልክ ነው” አልኳት። የቀረውን የድሮ ጥግ በአውራ ጣቴ አሸሁና አጠፋሁት።

ሰኞ ዕለት ባለሙያው መብራቱን በእኔ መስመር ላይ አሳረፈ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ዳነች። ይህንን ሳልናገር አላልፍም፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ግን የአንገቷ ቆዳ እስከዚያች እስከ እኔ መስመር ድረስ ጠቆረ፣ ቆይቶም እንደ ደረቀ ቆዳ ጠነከረ። ሰው ሲጠይቅ የፈላ ውሃ ተደፋባት አልን። ውሸቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኮሌታውንም ያመጣሁት እኔ፦ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እስከ መንጋጋ የሚደርስ፣ በጎን በኩል በሦስት ትናንሽ ቁልፎች የሚዘጋ፣ ውስጡ ቆዳዋን እንዳይሞርዳት በለስላሳ ገበር የተሸፈነ። መጀመሪያ የሰፋሁት ቡና ዓይነት ቀሚስ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ስትሄድ ጎረቤታችን ዘነበች ከበር ላይ ጠብቃ “ጋሽ በቀለ፣ የጸዳለን ኮሌታ ለኔም ይስፉልኝ” አለችኝ። በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። ለጥምቀት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሴት ሁሉ ስቆጥር ሰባት “የጸዳለ ኮሌታ” አየሁ። ጤነኛ አንገታቸውን ሸፍነው፣ በሙቀት እየተቃጠሉ፣ ዘናጮች ነን ብለው ሲሄዱ! በሕይወቴ ያወጣሁት ፋሽን ያ ብቻ ነው። ጸዳለ በሳቅ ሞተች፤ እኔም ሳቅሁ። ግን አዲስ ኮሌታ በቆረጥኩ ቁጥር ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ፤ ትርፍ በተውኩ ቁጥር ያ መስታወት ይመጣብኛል።

ከዚያ ሰልባጅ ገባ። ተለብሶ የመጣ ኮት በሱሪ ማሰፊያ ዋጋ ሲሸጥ ማን ያሰፋል? ካሴት ቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ፣ ቀጥሎ ሞባይል ጥገና፣ አሁን ቦታው ራሱ የለም። አጠና ተራውም እየጠበበ ሄደ። እኔ የስፌት መኪናዬን ወደ ቤት አምጥቼ ጨርቅ አለበስኳት። ለደንበኛ መስፋት ትቼም ለጸዳለ ግን በየዓመቱ አንድ ባለ ኮሌታ ቀሚስ አልቀረባትም። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ሄደ። ባለፈው ክረምት ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆው ከቀኝ እጇ አመለጣት። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ቃል አልወጣም። ሻዩ ከጠረጴዛው ላይ ተንጠባጥቦ ሳይጨርስ ተመለሰላትና “ምላሴ ተኛብኝ” ብላ ሳቀች። ሁለተኛው ጊዜ በመስከረም ሆነ። ሦስተኛው ላይ በግራ ዓይኗ መጋረጃ የወረደባት መሰላት፣ ከዚያ ተነሳ። ያኔ አልሳቀችም።

ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። “እማማ፣ ኮሌታውን ይክፈቱልኝ” ስትላት ሦስቱን ቁልፎች እኔ ፈታሁ። ዶክተሯ ቆዳውን አየት አድርጋ “ጨረር ተሰጥቶዎት ያውቃል?” አለች። የፈላ ውሃ ነው ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። በማዳመጫው አንገቷን አዳመጠች፣ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ በአልትራሳውንድ አየች። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ቆዳው ላይ፣ ልክ በዚያ በጠቆረው ቦታ፣ ትንሽ ምልክት አደረገች።

“አባባ፣ ወደ አንጎል ደም የምትወስደው የደም ሥር እዚህ ጋ በጣም ጠባለች” አለችኝ። “ጨረር ሲነካው የደም ሥር ግድግዳ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ ውስጡም ይጠባል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ምላሳቸው የሚያዘው፣ እጃቸው የሚዝለው ከዚያ ነው።”

“መድኃኒት የለውም?”

“አለው። ደም እንዳይረጋ፣ ስብ እንዲቀንስ የሚዋጡ ኪኒኖች አሉ፣ ግፊታቸውንም እንቆጣጠራለን። ግን እሱ ብቻ አይበቃቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱ ተከፍቶ ይጠረግ ነበር፤ የእሳቸው ሥጋ ግን በጨረር ስለደረቀ ቢላ ከነካው መዳኑ ያስቸግራል። ስለዚህ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ትንሽ የሽቦ መረብ ተዘርግቶ፣ የደም ሥሯ ተደግፋ ትከፈታለች። የራሱ አደጋ አለው። ሲከፈት ከውስጥ ቅንጣት ተላቆ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ካልተሠራ ደግሞ አንድ ቀን ትዘጋለች።”

ጸዳለ ልብሷን ልታስተካክል ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ። “ዶክተር፣ ያኔ መስመሩ ሁለት ጣት ሰፍቶ ቢሆንስ?”

ትክ ብላ አየችኝ። “የደም ሥሯ እብጠቱ በነበረበት አጠገብ ነው የምታልፈው። ባይሰፋም ሊነካት ይችል ነበር። ሲሰፋ ደግሞ የበለጠ ርዝመቷን ይነካል። ምን ያህሉ ከየትኛው እንደመጣ አሁን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ለምን ጠየቁኝ?”

“እንዲያው ነው” አልኩ።

ኪኒኑን እየዋጠች ሁለት ወር ጠበቅን። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ጓሮ ፀሐይ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ስለ ጥጉ፣ ስለ ሁለቱ ጣት፣ “ልክ ነው” ስላልኩት፣ በአውራ ጣቴ ስላጠፋሁት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን “ኮሌታውስ?” አለች።

“ምኑ?”

“እኔኮ በአንገቴ አፍሬ አላውቅም፣ በቀለ። ከሞት የተረፍኩበት ነው። አንተ ስታዝን እያየሁ ነው የለበስኩት። ለኔ ነበር ወይስ ለራስህ?”

አቀርቅሬ ምስሩን በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግሁ።

“ለነገርከኝ ግን መልሴን ስመለስ እነግርሃለሁ” አለችና ጠጠር ከምስሩ ለቅማ ጣለች።

የደም ሥሯ ተከፈተች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፣ ቀድመውም ነግረውናል። ግን ያ የተባለው ቅንጣት ተላቀቀ። ከክፍሉ ስትወጣ ዓይኗ ያውቀኛል፣ ግራ እጇ ያውቀኛል፣ ቃል ግን የለም። መልሷን እዚያ ውስጥ ትታው ወጣች። ሦስት ወር ሊሆነው ነው። አንዲት ልጅ እየመጣች እጇን ታሠራታለች፣ አፏን ታለማምዳታለች፤ “ሀ” ትላለች ጸዳለ፣ “ሀ” ብቻ። እኔ ማታ ማታ እንኳ ልጠይቃት አልደፍርም። በየጥቂት ቀኑ ቀሚስ ታመጣልኛለች፣ እኔም እፈታለሁ። ምሕረት ይሁን ቅጣት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ዘጠነኛው ያ ቡና ዓይነቱ፣ የመጀመሪያው ነው። ኮሌታውን ፈትቼ ሰጠኋት። ለበሰችው። እስከ ዛሬ የፈታሁትን የምትለብሰው ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ምርኩዟን ይዛ በረንዳውን አልፋ፣ እስከ ውጭው በር ሄዳ፣ ሰው በሚያልፍበት ወንበር ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ተቀመጠች። አንገቷ ከጆሮዋ እስከ ደረቷ ተገልጧል። እኔም ተከትያት ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዘነበች ጎመን ይዛ ከገበያ ስትመለስ አየቻትና ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“ውይ፣ ጸዳልዬ! ይኼ ሁሉ የፈላ ውሃ ነው?”

ጸዳለ ልትመልስላት አትችልም። ወንበሯ ላይ እንዳለች የቻለችውን ያህል ዞራ እኔን አየችኝ። በመስታወቱ ውስጥ ያየችኝ ያቺው አስተያየት ናት፤ “ልክ ነው?” ብላ የጠየቀችኝ ጊዜ የነበረው። ትጠብቀኛለች። ዘነበችም ትጠብቃለች። ለሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት ውሸት አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለማለት አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው።

“የፈላ ውሃ አይደለም” አልኩ። “ካንሰር ነበረባት። በጨረር ታክማ ነው። ለጨረሩ የተሰመረውን መስመር ጠበል አጥቦት ነበር። በእርሳስ መልሼ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጣት አስፍቼ።”

ዘነበች ግማሹ እንኳ አልገባትም። ከኔ ወደ ጸዳለ፣ ከጸዳለ ወደ እኔ አየች። “ጋሽ በቀለ፣ ደህና ነዎት?” አለችና ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል።

ጸዳለ ዓይኗን ጨፈነች። ጉንጯ ረጥቦ ነበር፣ የኔም። ከዚያ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣችና ወደ ቤት ገባች። የቁም ሳጥኑ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ስትመለስ አሥረኛውን ቀሚስ ግራ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። መልሷ ይኼ እንደሆነ ገባኝ፤ መቀሴን ላመጣ ተነሣሁ።